የዱካው ዱካ

ነገሩ የተጀመረው እቤቴ ነው። ሰኔ ላይ ለማኅበር የመጡ እንግዶች ቡና እየጠጡ ሳለ፣ ከሰፈር ሱቅ የገዛኋት አረንጓዴ የፕላስቲክ ዱካ መሐል ለመሐል ተሰንጥቃ ጎረቤታችንን ከነሲኒያቸው ወለሉ ላይ ዘረገፈቻቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እኛም እሳቸው እስኪስቁ ጠብቀን ሳቅን። ማታ ስብርባሪውን ሳነሳ ስንጥቁ የተቆረጠ እንጂ የተሰበረ አይመስልም። መቀመጫው ላይ ለማንጠልጠያ ከተተወችው የጣት ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ጠርዙ ድረስ ቀጥ ብሎ ሄዷል። ያው መስመር ዱካዋ ደህና ሳለችም እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታይ ነበር፤ ጭረት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ደብረ ብርሃን የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ አለኝ፤ በስልክ ስነግረው "ጭረት አይደለም፣ ስፌት ነው" አለኝ። ፕላስቲክ ደግሞ ይሰፋል እንዴ ብለው "ና እና እይ፣ ጋቢህን ግን እንዳትረሳ" ብሎ ዘጋው።

ነሐሴ 10

ላምበረት መነኸሪያ የደረስኩት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ገና አልጠገበም። ቅጥቅጥ አውቶቡስ አገኘሁ፤ ታሪፉ 210 ብር፣ ረዳቱ ለቦርሳዬ 20 ብር ጨምር ብሎኝ ጉልበቴ ላይ ሳስቀምጣት ነገሩን ተወው። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ እንደ ሰማዩ ሁኔታ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሦስት ሰዓትም ይፈጃል አሉኝ። ሦስት ሰዓት ፈጀ።

ከለገጣፎ አልፈን ወደ ሰንዳፋ ስንወጣ ከውጪ ምንም አይታይም ነበር። ከጉም ብቻ አይደለም፤ መስኮቱ ራሱ ታውሯል። የሠላሳ ሰው ትንፋሽ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ እየሆነ ይወርዳል፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሕፃን በጣቷ ፊደል ትጽፍበታለች፣ እናቷ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግላታለች፣ መልሶ ይታወራል። ይህን የጻፍኩት ለጊዜ ማሳለፊያ ነበር፤ በማግስቱ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም።

አለልቱ ላይ ጉሙ ተነሳና ሜዳው ወለል አለ። ስንዴው፣ ገብሱ፣ አበባ የያዘው ባቄላ። እረኞቹ ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ቡሄ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሸኖ ስንቆም ሴቶቹ ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው መስኮቱ ድረስ አመጡልን፤ ፍልሰታ ስለሆነ ከአውቶቡሱ የገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም "ለፍቺ ነው" እያለ ላልጠየቀው ሁሉ ያስረዳ ነበር። ከጫጫ በኋላ የቢራ ሳጥን ጢም ብለው የጫኑ መኪኖች አለፉን። ዳሸንም ሐበሻም ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ ስላላቸው ይህ መንገድ ሳጥን አያጣም። ሳጥኖቹን ሳይ እነሱም ከእኔ ዱካ ጋር የአንድ ሙያ ልጆች መሆናቸው ትዝ አለኝ፦ የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ሞልድ በሚሉት የብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብቶ፣ በርዶ፣ ተፈልቅቆ የሚወጣ ዕቃ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ነው። የአክስቴ ልጅ መነኸሪያው በር ላይ ካፖርት ለብሶ ጠበቀኝ። ምሳችንን ሽሮ ተጋቢኖ በላን፣ ለሁለት 180 ብር። ማደሪያዬ ከሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ብዙ የማይርቅ ቤት ነው፣ ለሌሊት 400 ብር። ባለቤቷ እትዬ ሳልጠይቃቸው ሁለተኛ ብርድ ልብስ አምጥተው "የዚህ አገር ነሐሴ በአንድ አይቻልም" አሉኝ። ብርድ ልብሱ እዚሁ ከተማ የተሠራ ነው፤ የሱፉ ሽታ አልለቀቀውም። የከተማዋን ስም ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ብርሃን ጋር እያያዙ ሲያወሩኝ ኤሌክትሪኩ ሄደ፤ እሳቸውም ሻማ ፍለጋ ተነሱ።

ማታ ሻይ የጠጣሁበት ቤት ወንበሮቹ ነጫጭ፣ ባለ መደገፊያ፣ አንድ ወጥ የፕላስቲክ ናቸው። ፈረንሳዊው አንሪ ማሶኔ እ.ኤ.አ. በ1972 ፎቴይ 300 ያለውን ወንበር ካወጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ እየቀዳው፣ ይኸው በደብረ ብርሃን ዝናብ እኔን ያስቀምጠኛል። አንዱን ገልብጬ ሳየው መቀመጫው ሥር መሐል ላይ እንደ እንብርት ያለች ትንሽ ጠባሳ አገኘሁ። አስተናጋጁ መጥቶ "ተሰበረ እንዴ?" አለኝ። አልተሰበረም አልኩና ቀና አድርጌ ተቀመጥኩ።

ነሐሴ 11

ፋብሪካው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በባጃጅ 60 ብር፣ ጭቃው ውስጥ ደግሞ አንድ ጊዜ ወርደን ገፍተናል። ከበሩ ገና ሳልገባ የጠፋ ሻማ የሚመስል ሽታ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ድምፁ፤ የማሽኖቹ መዘጋትና መከፈት ከእግር ሥር ነው የሚሰማው። ስምንት ማሽኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። የመቆጣጠሪያዎቹ ስክሪን በቻይንኛ ነው፤ ኦፕሬተሮቹ ፊደሉን ሳይሆን የቁልፉን ቦታና መልክ በቃላቸው ይዘውታል።

ሁሉም "ጋሼ" የሚላቸው ፎርማን በዚህ ሙያ ፀጉራቸው የሸበተ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢ በቱታ ላይ ደርበዋል። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ስለ ተሰበረው ዱካ ገና ስጀምር "እሱን ነገ" አሉኝ። "ዛሬ ጠዋት ሌላ ጣጣ አለብን።"

ጣጣው ሦስተኛው ማሽን ላይ ነው። በየ45 ሰከንዱ አንድ ቡናማ ዱካ ይወለዳል። አንዲት ወጣት ኦፕሬተር በሩን ከፍታ ታወጣለች፣ በቢላ የመግቢያውን ጭራ ትቆርጣለች፣ ትደረድራለች። ከዱካዎቹ መቀመጫ ላይ፣ ፕላስቲኩ ከሚገባበት ነጥብ ተነስቶ ወደ ዳር የሚበተን ብር ብር የሚል መስመር አለ፤ ቀንድ አውጣ ያለፈበት ግድግዳ ይመስላል። በእጄ ስዳስሰው ምንም የለውም፣ ልሙጥ ነው፣ ለዓይን ብቻ የሚታይ ነገር ነው። እነሱ "ሲልቨር" ይሉታል። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይለቃል፣ ለምን እንደሚለቅ ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ ለቀቀ ተብሎ ደስ ይባላል። ከጎን የተከመረው ውድቅ ዕቃ፣ ሪጄክት የሚሉት፣ ግን ወገቤ ድረስ ነበር።

ጋሼ ስክሪኑን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሌሊት ተረኞቹ ሙቀቱን ከ225 ወደ 255 ዲግሪ አድርሰውታል። "ብርድ ነው፣ ፕላስቲኩም በርዶታል ብለው እኮ ነው" አሉኝ። አልተቆጡም። ማሽኑን አስቁመው ፕላስቲኩ የሚቀልጥበትን በርሜል ከሞልዱ ወደ ኋላ አሸሹትና ባዶ አየር ላይ አስተፉት። የበርሜሉ አፍ፣ ኖዝሉ፣ እየተንጣጣ፣ ነጭ እንፋሎት እየለቀቀ፣ አረፋ የሞላው ወፍራም ገመድ መሬት ላይ ተፋ። ወጣቷ "እንግዳ፣ እጅዎን ያርቁ!" ብላ ጮኸችብኝ፤ ለካ ሳላውቀው ተጠግቼ ኖሯል። "አየህ" አሉ ጋሼ፣ "ንጹሕ ቢሆን እንደ ማር ዝም ብሎ ነው የሚወርደው። ይሄ ውሃ ጠጥቷል። ሞልዱ ምንም አላጠፋም።"

እዚህ ላይ የራሴን ፍልስፍና አመጣሁ። ከፍታው ወደ 2800 ሜትር ስለሆነ ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እንግዲህ ቶሎ የሚፈላው ውሃ ነው ይህን ያመጣው አልኳቸው። ጋሼ ጨዋ ሰው ስለሆኑ ለመሳቅ ትንሽ ጠበቁ። "ልጄ፣ 225 ዲግሪ ላይ ውሃ ደብረ ብርሃንም ይፈላል፣ አሰብም ይፈላል።" ነገሩ ሌላ ነው፦ በርሜሉ ውስጥ ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ እንፋሎቱ ተጨቁኖ ይቀመጣል፤ ፕላስቲኩ ባዶው ሞልድ ውስጥ ዘሎ ሲገባ ግን ግፊቱ ይለቃል፣ እንፋሎቱ አረፋ ሆኖ ወደ ፊት ለፊት ይወጣል፣ አረፋው ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲጋጭ ይፈነዳል፣ የሚሮጠው ፕላስቲክ ደግሞ የፈነዳውን እየጎተተ ይስለዋል። ብር የሚመስለው መስመር የአረፋው ዱካ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል፤ ይባስ ብሎ ጥሬ ዕቃው ራሱ ማረር ይጀምርና ካለ ውሃም ሌላ ጋዝ ያወጣል።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ጋሼ ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት፣ አፋቸው የተከፈተ ጆንያዎች። እጄን ውስጥ ከተትኩ፤ ፍሬዎቹ እንደ ወንዝ ጠጠር ይቀዘቅዛሉ። ፖሊፕሮፒሊን በራሱ ውሃ አይጠጣም፤ እንደ ናይሎን ያለው ነው ውሃን ወደ ውስጡ የሚስበው። ይህኛው ግን ሌሊቱን በርዶ አድሮ ጠዋት ሲነጋ በቀጥታ ወደ ሞቃቱና እርጥቡ አዳራሽ ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። "በምን መጣህ?" አሉኝ። በአውቶቡስ አልኳቸው። "መስኮቱ አላላበም?" ሕፃኗና ፊደሏ ትዝ አሉኝ። ጤዛው ብቻም አይደለም፤ ዋጋ ለመቀነስ ከጥሬ ዕቃው ጋር የሚቀላቀለው፣ እነሱ ፊለር የሚሉት የካልሲየም ካርቦኔት ፍሬ እርጥበት የሚይዝ ጉድ ነው። ለእሱ ተብሎ ጥሬ ዕቃው የሚፈስበት ሆፐር ላይ የተገጠመው ማድረቂያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል ተብሎ ከጠፋ ሰንብቷል።

መድኃኒቱ ሲነገር ቀላል ነው። ሙቀቱ ወደ 225 ተመለሰ፣ ማድረቂያው 80 ዲግሪ ላይ ተለኩሶ ሁለት ሰዓት ያህል ተጠበቀ፣ የነገዎቹ ጆንያዎች ዛሬውኑ አፋቸው እንደተሰፋ ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ሙቀቱን ሳይለምዱ እንዳይከፈቱ ተባለ። ለምን ረፋዱ ላይ ራሱ ይለቅ እንደነበርም ገባኝ፤ ከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳደረ ልብስ አዳራሹ ውስጥ የቆመው ጆንያ በራሱ ጊዜ ሞቆ ይደርቅ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ዱካዎች አሁንም ብር ብር ይሉ ነበር፣ ሠላሳኛው አካባቢ መስመሩ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ወጣቷ አንዱን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ አየችና ሳትናገር ደረደረችው።

አንድ እግር ላይ ብቻ ግን ዘወትር በዚያው ቦታ ደብዛዛ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ቀረ። ቦታ የማይቀይር ምልክት የሞልድ ነው አሉ ጋሼ፣ ቦታ የሚቀያይር ምልክት የጥሬ ዕቃ ነው። ሁልጊዜ ይሠራ እንደሆን ስጠይቃቸው "አብዛኛውን ጊዜ" ብለው ሞልዱን አስከፈቱ። ብረቱ አልቦታል! ውሃ አቀዝቃዡ ቺለር 9 ዲግሪ ውሃ ሲልክበት የነሐሴው አየር እንደ ቢራ ጠርሙስ አላበው። ቶሎ እንዲበርድና ብዙ እንዲመረት ብሎ ነው አንድ ሰው ዝቅ ያደረገው። ወደ 18 ከፍ ሲያደርጉት በየዱካው ሁለት ወይ ሦስት ሰከንድ ባከነ፣ ጠብታው ግን ጠፋ።

ምሳ ካፍቴሪያው ውስጥ ምስር ወጥ ነው፣ 45 ብር፣ ቃሪያው በነጻ። ስንመለስ መብራት ሄደ። አዳራሹ በአንዴ ጸጥ ሲል የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ ምን ያህል ኃይለኛ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ጀነሬተሩ ለሁሉም አይበቃም፤ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ ሲከራከሩ ሃያ ደቂቃ ሄደ። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ፕላስቲክ በቆመበት ይጠበሳል፣ በርዶ ደግሞ እንደገና ይሞቃል፤ ውስጡ ከሚሽከረከረው ስክሪው ጥግ የተጣበቀው ጠቁሮ በኋላ እየተላጠ ይወጣል። መብራት ሲመጣ ብዙ ኪሎ ወደ መሬት ተፉ፤ ያም ሆኖ ነጩን ጆግ የሚሠራው ማሽን እስከ ማምሻው ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ጆግ ነው ያወጣው። ለዚህ የሚገዛ መድኃኒት የለም፣ መጥረግና መታገሥ ብቻ ነው አሉኝ።

አንድ ጥቁር ሳፋ ላይ ደግሞ ብሩህና ደብዛዛ መስመር እየተፈራረቀ እንደ ነብር ጎን ዥንጉርጉር ሆኖ አየሁ። ጋሼ ስለ ፍሰቱ መንቀጥቀጥ፣ ስለሚቀያየረው ፍጥነት ረጅም ማብራሪያ ሰጡኝ፣ እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ፤ ማታ ማስታወሻዬን ሳነብ ግን የጻፍኩት "ይንቀጠቀጣል" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። ይኸኛው አልገባኝም።

ነሐሴ 12

ሌሊቱን ሁለቱንም ብርድ ልብስ ለብሼ ሲበርደኝ አደርኩ። እትዬ ጠዋት የገብስ ገንፎ በተልባ አበሉኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አሉ። ገንፎው ሳይነካ ትንሽ ስለቆየ መሐሉ ሰርጎድ ብሏል። ፋብሪካው ስደርስ ጋሼን በዱካዎቹ መቀመጫ ላይ ስለሚታየው ስርጉድ ስጠይቃቸው ይህንኑ ገንፎ ነው በምሳሌ የነገርኳቸው፣ እሳቸውም ወደዱት።

ዱካው ከላይ ሲታይ ልሙጥ ነው፤ ሥሩ ግን ክብደት እንዲችል አጥንት አለው። አጥንቱ ከመቀመጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ፕላስቲኩ ወፍራም ይሆናል፣ ወፍራም ደግሞ ዘግይቶ ይበርዳል። ውጪው ቆዳ ጠንክሮ ካለቀ በኋላ ውስጡ ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ቆዳውን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ከላይ በኩል አጥንቶቹ ያሉበትን ቦታ በስርጉዱ ብቻ መቁጠር ይቻላል። የአጥንቱ ውፍረት ከመቀመጫው ውፍረት ግማሽ ገደማ ቢሆን ነገሩ አይታይም ነበር፤ ይህን ሞልድ የቀረጸው ሰው ግን እኩል አድርጎታል። ብረት ከተቆረጠ በኋላ አጥንት ማቅጠን ብረት መሙላት ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ከማሽኑ በኩል የሚቻለውን ያህል ይታከማል። ሞልዱ ከሞላ በኋላ ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ መግፋቱን አያቆምም፣ የሚሰበሰበውን ለመተካት። ስንት ሰከንድ? ጋሼ ከመሳቢያቸው የወርቅ ሱቅ የሚመስል ሚዛን አወጡ። ግፊቱን 4 ሰከንድ አድርገው አንድ ዱካ አወጡና መዘኑ፣ 612 ግራም። በ6 ሰከንድ 618። በ8 ሰከንድ 621። በ10 ሰከንድ ያው 621። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ክብደቱ መጨመር ካቆመ በሩ ዘግቷል ማለት ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ፕላስቲክ ስለጠነከረ ከዚያ በኋላ ብትገፋው ግድግዳ መግፋት ነው። ከዚያ በፊት ብታቆም ደግሞ የገባው መልሶ ይወጣል፣ ስርጉዱ ይጠልቃል። ቀድሞ የተሞላው ልክ 5 ሰከንድ ነበር። በ8 ሰከንዱም ስርጉዱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ፈልገህ ካልሆነ አታየውም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያስደነቀኝ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየራቸው ነው። የአክስቴ ልጅ ፍጥነቱንም አብሮ ሊጨምር እጁን ሲዘረጋ ጣቱን በቀስታ መቱት።

ከመግቢያው በጣም በሚርቀው የእግር ጫፍ ላይ የክብሪት ራስ የሚያህል ጥቁር ቃጠሎ ነበረ። ጥሬ ዕቃው አርሮ ነው አልኩ፤ ትናንት የተማርኩትን ላሳይ። አይደለም። ባዶው ሞልድ ባዶ አይደለም፣ አየር አለበት፤ ፕላስቲኩ ሲመጣ አየሩ ወደ ጥግ ይባረራል፣ መውጫ ካጣ ይጨመቃል፣ የተጨመቀ አየር ይግላል። ናፍጣ መኪና ያለ ሻማ የሚነሳው በዚሁ ነው። ሞልዱ ላይ አየሩ እንዲወጣ የተተወ ጭረት አለ፣ ጥልቀቱ ከ0.02 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር፤ ከፀጉሬ የቀጠነ ነው፣ አየር ያሳልፋል ፕላስቲክ አያሳልፍም። ያ ጭረት በቅባትና በጥላሸት ተደፍኖ ኖሯል። አንድ ልጅ በናስ ብሩሽ ጠረገው፤ በአረብ ብረት እንዳይነካው ሁለት ጊዜ ተነገረው። የመጨረሻውን የሙሊት ፍጥነት ቀነስ አደረጉ። ማሽኑ ሞልዱን ከመጠን በላይ አጥብቆ ሲይዝም ጭረቱ ይዘጋል፤ ዳር ዳሩ ላይ የሚወጣውን ቀጭን ዘርፍ ለማጥፋት ብሎ ማጥበቂያውን እስከ መጨረሻው የጫነ ኦፕሬተር አንዱን ጣጣ በሌላ ይለውጣል። ሞልዱን በመዳፌ ዳሰስኩት። እንዲህ የለሰለሰ ብረት ነክቼ አላውቅም፣ ፊቴን አየሁበት፣ የጣቴ አሻራ ቀረበትና ልጁ ቶሎ ብሎ ጠረገው።

ከምሳ በኋላ በመጨረሻ ወደ ዱካዬ መጣን። ስብርባሪዋን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የመጣሁት። ጋሼ አሸተቷት፣ ጠርዟን በጥፍራቸው ፋቁ። ደጋግሞ የተፈጨ ጥሬ ዕቃ ይበዛባታል አሉ። ከዚያ በጣታቸው መንገዱን አሳዩኝ፦ ፕላስቲኩ በዚህች እንብርት ገባ፣ የጣት ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፈለ፣ ወንዝ ድንጋይ ሲያገኝ እንደሚከፈለው ማለት ነው፣ ከጀርባዋ ተመልሶ ተገናኘ። ግን እዚያ ሲደርስ የሁለቱም ግንባር በርዷል። ተጠጉ እንጂ አልተዋሃዱም። ስፌት የሚሉት እሱን ነው።

"ታዲያ አይጠፋም?" አልኳቸው።

"ቀዳዳ ካለ ስፌት አለ። እኛ የምንችለው ሞቆ እንዲገናኝ ማድረግ ነው፤ ሞልዱን ማሞቅ፣ በፍጥነት መሙላት፣ መገናኛው ላይ አየር እንዳይታፈን መውጫ መስጠት። ወይ ደግሞ መግቢያውን አዛውሮ ስፌቱን ሰው የማይቀመጥበት ቦታ መውሰድ።"

የእነሱን ዱካ ገልብጠው አሳዩኝ። ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ወፈር ያለ ቀለበት አለው፣ ከጀርባው ደግሞ ስፌቱን የሚሻገር አጥንት ተጨምሯል፤ "ሥጋ ጨመርንበት" አሉ። ስፌቱ እዚያው አለ። አሁን ዓይኔ ስለለመደ በመብራት አቅጣጫ ሲዘነበል ወዲያው ታየኝ። በኋላ በጆጉ ላይ አየሁት፣ በሳፋው እጀታ ሥር አየሁት፣ የጋሼ መነፅር ማስቀመጫ ላይ ሳይቀር። ዕቃ ሁሉ የተሠራበትን መንገድ ላዩ ላይ ጽፎ ይዞራል፤ እኔ ነኝ ሳላነበው የኖርኩት።

ስሰናበት ጋሼ ከትናንቱ ክምር አንድ ብር ብር የሚል ዱካ መዘው ሰጡኝ። "ጥንካሬው ምንም አልሆነም፣ መልኩ ነው የተበላሸው። ወደ ወፍጮ ከሚሄድ አንተ ጋ ይሂድ።" ማታ ከተማው ውስጥ ችቦ በየደጁ በራ፣ ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ማደሪያዬ በር ድረስ መጥተው 50 ብር ተቀበሉኝ። ሲጨፍሩ በዱላቸው መሬቱን ይመታሉ፤ አንዱ ዱላ አጥቶ የተቆረጠ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ይዟል፣ ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ነሐሴ 13

እትዬ ሙልሙል ሰጥተው ሸኙኝ። የመልስ ታሪፉ ያው 210 ብር ነው፤ ረዳቱ ግን ዱካዋን አይቶ "ይቺ ወንበር ይዛለች" አለና 30 ብር ጠየቀ። እንግዲያው ልቀመጥባት ብዬ መተላለፊያው ላይ ልዘረጋት ስል ተሳፋሪው ሳቀ፣ በ15 ተስማማን። መስኮቱ እንደ ሄድኩበት ቀን አልቦ ነበር። እስከ ሸኖ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከፊቴ ያለውን የወንበር ጀርባ ፕላስቲክ ሳጠና ነው የመጣሁት፤ ሁለት ስርጉድ፣ አንድ ስፌት፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቃጠሎ።

እቤት ስደርስ ባለቤቴ ዱካዋን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አየቻትና "ሦስት ቀን ተጉዘህ ደህናውን አጥተህ ነው?" አለችኝ። ስለ አረፋው ነገርኳት። ስለ ጤዛውም፣ ስለ ማድረቂያውም። በጥሞና ሰማችኝና ሙልሙሉን ቆርሳ ለልጆቹ አካፈለች። ማምሻውን ጎረቤታችን ለቡሄ ሊጠይቁን መጡ። ዱካዋን አቀረብኩላቸው፣ ይቺኛዋ ከጀርባዋ ሥጋ ተጨምሮባታል አልኳቸው። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ፤ ከዚያ በእግራቸው ቀስ ብለው ገፋ አደረጓትና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።